ገበናን መክተት በደልን መሸፈን አይደለም



  

የመስጊዳችን ኮሚቴ ለዚህ የመታሰቢያ በዓል ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ የሰጠኝ ርዕስ «የቤተሰብ ሰላም በኢስላም» የሚል ነበር። ርዕሱ መልካም ነው። ነገር ግን ስለ ቤተሰብ ሰላም ከሚንበር ላይ ብዙ ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ ሰላም ስለሌለበት ቤት የተናገርኩት ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ኮሚቴውን አስፈቅጄ፣ በባሏ እጅ የምትደበደብ እህት ወደ እኛ ስትመጣ እንዴት ልንቀበላት እንደሚገባ ተናገርኩ። አሁን በጽሑፍ ሲወጣ ጥቂት ጨምሬበታለሁ። ውድ አንባቢያን፣ ከእናንተ መካከል «ይህ በአደባባይ የሚነገር ነውን?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚያው አስብ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እህት ከዐስር ሶላት በኋላ ውሃ በጠርሙስ ይዛ መጣችና «ሸኽ፣ ቅሩልኝ፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ» አለችኝ። ታሪኳን እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ ስሟንና ሰፈሯን አልጠቅስም፤ እናንተም ማን እንደሆነች ለማወቅ አትድከሙ። ፋቲሓን፣ አያተል ኩርሲይን፣ እኽላስን፣ ፈለቅንና ናስን ቀርቼ ውሃውን ሰጠኋት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳ መጣች። አሁን የሚያማት ራሷን ነው። አሁንም ቀራሁላት። በሦስተኛው ጊዜ «ቤቴ ሰላም የለውም» አለችኝ። እኔም ስለ ሶብር ምንዳ ረዘም አድርጌ ነገርኳት፤ ባልሽን አስደስቺ፣ ሲቆጣ ዝም በይ ብዬ መከርኳት። አመስግናኝ ሄደች።

ነገሩን ያወቅሁት በራሴ ብልሃት አይደለም። በሴቶች የውዱእ ቦታ የሚያገለግሉ አንዲት ዱበርቲ አሉን። ልጅቱ ለውዱእ እጅጌዋን ስትሰበስብና አንገቷን ገለጥ ስታደርግ አይተዋታል። ለእኔ ያልታየኝ፣ ሊታየኝም የማይገባው፣ ለእሳቸው ታየ። መጥተው «ሸኽ፣ ልጅቱ ጅን የለባትም፤ ባል ነው ያለባት» አሉኝ። ይህን የነገሩኝ ሰኞ ዕለት ነው፤ ሐሙስ ክንዷ ተሰብሮ ሆስፒታል ገባች።

ሦስት ጊዜ መጣች፤ ሦስት ጊዜ መለስኳት። ከዚያ ወዲህ ይህን ሳላስብ ያደርኩበት ሌሊት ጥቂት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ እስቲ የተናገረቻቸውን ቃላት ልብ በሉ። እንቅልፍ አጣሁ፣ ራሴን አመመኝ፣ ቤቴ ሰላም የለውም። በእኛ ሀገር ሴት ልጅ «ባሌ ይደበድበኛል» ብላ በግልጽ ከተናገረች ቤቷን በገዛ እጇ እንዳፈረሰች ይቆጠርባታል። ስለዚህ ነገሩን በበሽታ ጠቅልላ ታመጣዋለች። ሰውነቴ ከበደኝ፣ ልጆቼ ይባንናሉ፣ ዱዓ አድርጉልኝ ትላለች። ሩቅያ መቅራትን አልተውኩም፤ አልተውምም። አሁን ግን ከመቅራቴ በፊት «እኅቴ፣ ቤትሽ ውስጥ የምትፈሪው ሰው አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ካልመለሰች አልጨቀጭቃትም፤ ስትፈልግ እንድትመጣ ነግሬ እሸኛታለሁ። አብዛኞቹ በመጀመሪያው ቀን አይመልሱም።

ይህንንም ብቻዬን ሆኜ አልጠይቅም። ባዕድ ከሆነች ሴት ጋር ለብቻ መቀመጥ እንደማይፈቀድ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ዱበርቲዋ አብረውን ይቀመጣሉ። ይህ ሥርዓት ለሴቲቱም እፎይታ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ግማሹን የምትናገረው ወደ እሳቸው ዞራ ነው። ነገር ግን አብራ የምትቀመጠው ሴት የባልየው አክስት ወይም የአማትየው ቡና አጣጪ እንዳትሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ይህን ሳናጣራ ቀርተን ወሬው ከሴቲቱ ቀድሞ ቤቷ ደርሶ ጠበቃት። ኦሮምኛ እንጂ አማርኛ የማትችል እህት ስትመጣም የስምንት ዓመት ልጇን አስተርጓሚ ማድረግ ነውር ነው። ልጁ የእናቱን መደብደብ በራሱ አፍ እንዲተረጉም ይገደዳልና።

ይህ የአንዲት ሴት ጉዳይ ነው እንዳትሉኝ። የዓለም የጤና ድርጅት በአሥር ሀገሮች አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት ከሀገራችን የተመረጠው ቦታ ሙስሊሙ በብዛት የሚኖርበት የቡታጅራ አካባቢ ነበር። እዚያ ከተጠየቁት፣ ትዳር ካላቸው ወይም ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው በባላቸው ተመትተዋል ወይም በፍላጎታቸው ላይ ተገደዋል። በ2008 ዓ.ም. በመላ ሀገሪቱ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ደግሞ ሚስት መመታት የሚገባት ምክንያት አለ ብለው የተናገሩት ሴቶች 63 በመቶ ሲሆኑ፣ እንዲህ ያሉት ወንዶች 28 በመቶ ናቸው። ከተመቱት ወይም ከተገደዱት መካከል እርዳታ የጠየቁት ደግሞ 23 በመቶ ብቻ ናቸው። ወንዱ ከሚለው ይልቅ ሴቲቱ ራሷ ዱላውን ይገባኛል ማለቷን ሳነብ፣ ይህን ማን አስተማራት ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። እናቷ አስተምራታለች፤ ጎረቤት አስተምሯታል። ሦስት ጊዜ መጥታ «ታገሺ» ያላት ሰውም አስተምሯታል።

አሁን ብዙዎቻችሁ በልባችሁ የያዛችሁትን ጥያቄ ላንሳ። የሱረቱ ኒሳእ 34ኛዋ አያስ? አያዋ አለች፤ አልደብቃትም። ነገር ግን አያዋን በሰፈር ሰው አፍ ሳይሆን በወረደችላቸው ሰው ሕይወት መረዳት አለብን። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሴትንም ሆነ አገልጋይን በእጃቸው መትተው አያውቁም፤ ይህ በሙስሊም ዘገባ የሚገኝ ነው። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ብዙ ሴቶች ባሎቻቸውን ሊከሱ ወደ ነቢዩ ቤተሰቦች በመጡ ጊዜ፣ እንዲህ የሚያደርጉት ወንዶች ከናንተ መልካሞቹ አይደሉም ሲሉ ተናግረዋል። ታላቁ ታቢዒይ ዐጣእ ኢብን አቢ ረባሕ ባል ሚስቱን ይቆጣት እንጂ አይምታት ማለታቸውን ኢብኑል ዐረቢይ መዝግበዋል። ከኢብን ዐባስ የተላለፈው የሲዋክ ነገርም ለዱላ በር መክፈቻ ሳይሆን በር መዝጊያ ነው፤ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ክንድ አይሰበርም። አያዋን ጠቅሶ ፊት የሚያቆስል ሰው ያነበበው ቁርኣንን ሳይሆን ቁጣውን ነው።

ከሁሉ በላይ ግን እኛን የሚያስረን አንድ ሌላ ነገር ነው። እኛ የወሎ ሰዎች ገበና እንከታለን። የወንድሙን ነውር የሸፈነ አላህ ነውሩን እንደሚሸፍንለት የሚናገረውን ሐዲስ ሕፃን ሳለን በመድረሳ ሸምድደናል። ትልቅ ሐዲስ ነው። ነገር ግን የማንን ነውር ነው የምንሸፍነው? ኢማም ነወዊ በሶሒሕ ሙስሊም ማብራሪያቸው ይህ መሸፈን በበደል ላልታወቀና ላለፈ ጥፋት መሆኑን ገልጸው፣ ሰውን በመጉዳት የታወቀ ሰው ግን ሥልጣን ላለው አካል ቢነገርበት እንደሚሻል፣ በመፈጸም ላይ ያለ በደልም የቻለ ሁሉ ሊያስቆመው እንደሚገባ ጽፈዋል። ይህን ስንተው የሚሆነው የታወቀ ነው። የመቺው ስም ይሸፈናል፣ የተመችዋ ቁስል በሻሽ ይሸፈናል፣ እኛም ገበና ከተትን ብለን እንተኛለን። የእሷ ገበና ወሬዋ በሰፈር አለመዞሩ ነው። የእሱ ዱላ ግን ገበና አይደለም፤ ዙልም ነው። በዳይ ወንድማችንን እንድንረዳው ታዘናል፤ የምንረዳውም እጁን በመያዝ መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስረድተዋል።

ሌላው ሽምግልና ነው። ሽማግሌን አልነቅፍም፤ በሀገራችን አበጋሮች የደም ጠብ ሳይቀር አስታርቀዋል። ቁርኣንም ከእሱ ወገን አንድ፣ ከእሷ ወገን አንድ ሽማግሌ እንዲሾም ያዛል። እኛ የምናደርገው ግን ብዙ ጊዜ ይህን አይደለም። አምስት ሽማግሌ እንሰበስባለን፤ አራቱ የባልየው ወዳጆች ናቸው። ሴቲቱን በባሏ ፊት አስቀምጠን «ተናገሪ» እንላታለን። ማታ አብራው ወደምታድርበት ቤት የምትመለስ ሴት ምን ትናገራለች? «ጥፋቱ የኔ ነው» ትላለች፤ እኛም ታረቁ ብለን ፋቲሓ ቀርተን ቡና ጠጥተን እንነሳለን። ደም የፈሰሰበት፣ አንገት የታነቀበት፣ በቢላዋ ወይም በሞት ማስፈራራት ያለበት ጉዳይ ከሆነ የመጀመሪያው ሥራ ዕርቅ አይደለም። የመጀመሪያው ሥራ ዛሬ ሌሊት የት ታድራለች የሚለው ነው። በተለይ አንቆኛል ያለችን ሴት ምልክት አይታይባትም ብላችሁ አታሳንሱት፤ ውጫዊ ምልክት ሳይኖር ጉሮሮና የደም ሥር ሊጎዳ እንደሚችል፣ አንገት የሚያንቅ ባል ወደ መግደል የቀረበ መሆኑንም ሐኪሞች ይናገራሉ።

ዕርቅ በሚገባበት ቦታም ቢሆን ሽማግሌ ሥልጣኑን ይወቅ። የበሪራን ታሪክ ታስታውሳላችሁ። ከባርነት ነፃ ስትወጣ ባሏን ሙጊስን ለመተው ወሰነች፤ እሱ እያለቀሰ በመዲና መንገዶች ይከተላት ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ብትመለሽለትስ ቢሏት ትእዛዝ ነውን ብላ ጠየቀች። ትእዛዝ አይደለም፣ ምልጃ ነው አሏት። እንግዲያው አያስፈልገኝም አለች። አልተቆጧትም። የአላህ መልእክተኛ አማላጅ ብቻ ነኝ ባሉበት ነገር እኛ «ካልተመለስሽ ከቅሬው ትወጫለሽ» ብለን የምናዘው በምን ሥልጣን ነው? ይህ ማስፈራራት በአንዳንድ ሰፈር እንደሚነገር አውቃለሁ።

ሐቢባ ቢንት ሰህልም አሉ። ባላቸው ሳቢት ኢብን ቀይስ መትተዋቸው፣ አካላቸውም ተጎድቶ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለሱብሒ ሲወጡ በጨለማው በራቸው ላይ ቆመው አገኟቸው። «ማነው?» ተባሉ፤ ተናገሩ። ታገሺ ተብለው አልተመለሱም። መህር የተሰጣቸውን መልሰው ተለያዩ፤ በቤተሰቦቻቸው ዘንድ ተቀመጡ። ልብ በሉ፤ ያቺ ሴት በጨለማ የመጡት ወደ ነቢዩ በር ነው።

ስለ መህር ካነሳሁ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አንዳንድ ባል ሚስቱን መፍታት ሲፈልግና መህሩን መስጠት ሲከብደው፣ እሷ ራሷ ኹልዕ እንድትጠይቅ እስክትማረር ድረስ ያሠቃያታል። ይህን ሱረቱ ኒሳእ 19ኛዋ አያ በግልጽ ትከለክላለች። በዚህ መንገድ የተገኘው ገንዘብ ለባልየው ሐላል እንደማይሆን ፉቀሃዎች ጽፈዋል። በማሊኪ መዝሀብ ደግሞ ሚስት የደረሰባትን ጉዳት ካስረዳች ቃዲው ይፈታታል። ስለዚህ «ኹልዕ ልጠይቅ» ብላ የመጣች እህት ስታገኙ፣ ለምን እንደጠየቀች ሳትሰሙ ወረቀት አትጻፉ።

እዚህ ላይ ስለ መንግሥት ሕግ መናገር ይገባል፤ ብዙ ሰው ያምታታዋልና። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሁለቱም ወገኖች ፈቅደው ሲመጡ የጋብቻን፣ የፍቺን፣ የቀለብንና የመሳሰለውን ጉዳይ ያያል፤ ይህ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 የተፈቀደ ነው። ድብደባ ግን ወንጀል ነው፤ ሥልጣኑም የፖሊስና የመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ አካል ወይም አእምሮ ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ሌላውን ሰው ጎድቶ ቢሆን ኖሮ በሚቀጣባቸው ድንጋጌዎች እንደሚቀጣ ይናገራል። አንዲት እህት ፖሊስ ዘንድ ሄዳ «እናንተ በሸሪዓችሁ ጨርሱት፤ ሃይማኖታችሁ ይፈቅድ የለም እንዴ» ተብላ ተመልሳለች። ተናጋሪው ባህላችንን ያከበረ መስሎት ነበር። ያከበረው ግን የመቺውን ባህል እንጂ የእሷን አይደለም። እንዲህ ያለ መልስ ስትሰሙ ከኮሚቴው አንድ ሰው አብሯት ይሂድ፤ ሸሪዓው ድብደባን እንደማይፈቅድ በአፉ ይመስክር።

ተቃራኒውም አለ። ሌላዋ እህት ከነልጇ ወደ ተጠለለችበት ቤት ተወሰደች። የተቀበሏት ሰዎች ደጎች ነበሩ፤ አልጋ ሰጧት፣ ሐኪም አመጡላት። ነገር ግን ሥጋውን ማን እንዳረደው መጠየቅ አፈረች፤ የሶላት ቦታና ቂብላን መጠየቅም አፈረች። ሦስት ቀን ሽሮ በልታ፣ ሶላቷን ተደብቃ ሰግዳ፣ በአራተኛው ቀን «ከሃይማኖቴ ልወጣ ነው» ብላ ፈርታ ወደሚመታት ባሏ ተመለሰች። ማንም አልበደላትም፤ የጠየቃት ሰው ብቻ አልነበረም። አንድ ስጋጃና አንድ ጥያቄ ያቺን ሴት ያቆያት ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቤት የሚያስተዳድሩ ሰዎችን ሄደን አነጋግረናል፤ ስጋጃ ወስደናል፣ የእኛን ዕርድ ሥጋ የሚያገኙበትን አሳይተናል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንዲት እህት እየሄደች እንድትጠይቅ አድርገናል። በደስታ ነው የተቀበሉን።

በጤና ጣቢያም እንዲሁ ነው። ሴት ሐኪም እንድትመረምረኝ እፈልጋለሁ ብላ መጠየቅ መብቷ መሆኑን ንገሯት። ሴት ሐኪም ከሌለች ግን በወንድ መታከም በችግር ጊዜ የተፈቀደ ነው፤ ሒጃቧንም ለምርመራው በሚያስፈልገው መጠን ገለጥ ማድረግ ኃጢአት የለበትም። ይህን ከኢማም አፍ መስማት ትፈልጋለች፤ ከሐኪሙ ብትሰማው አታምነውም። በረመዳን ከሆነ መድኃኒቷን ትውሰድ፤ ቀኑን በኋላ ትክፈል። የሐኪም ማስረጃ ወረቀቷን ደግሞ ቤቷ አታስቀምጥ፤ ባልየው ያገኘዋል። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪሙም ፖሊሱም ዐቃቤ ሕጉም በአንድ ቦታ የሚገኙበት ማዕከል አለ፤ አዲስ አበባ የሚኖሩ ዘመዶች ያሏችሁ ንገሩልኝ።

«ሸኽ፣ ብትዋሽስ?» የሚሉኝ አሉ። ትዋሽ ይሆናል፤ ሰው ናት። እኔ ግን ቃዲ አይደለሁም። ቃዲው ሁለቱንም ይሰማል፣ ማስረጃ ይጠይቃል። ለአንድ ሌሊት ማደሪያ መስጠት ፍርድ መስጠት አይደለም። ተሳስቼ ያስጠለልኳት ብትኖር ያጠፋሁት አንድ ፍራሽ ነው፤ ተሳስቼ የመለስኳትን ግን ከላይ ነግሬአችኋለሁ። «ቤት ታፈርሳላችሁ» ለሚለውም ያቺ ክንዷ የተሰበረው ቤቷ መቼ ቆሞ ነበር እላለሁ።

ወንድሞች፣ ሴት ልጃችሁን ለመዳር ስትመጡ ስለ አጩ እየጠየቃችሁኝ «መልካም ልጅ ነው» እያልኩ እመልስ ነበር። ስለ ሰው ክፉ መናገር ሐሜት ነው ብዬ እፈራ ነበር። ፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረ.ዐ.) ግን ስላጯቸው ሰዎች ነቢዩን ሲያማክሩ፣ ስለ አቡ ጀህም በትሩን ከትከሻው እንደማያወርድ በግልጽ ተነግሯቸዋል። ከእንግዲህ የማውቀውን እናገራለሁ። ሊያገባ የሚመጣ ወጣትም ኒካሕ ከመታሰሩ በፊት ሁለት ጊዜ ከእኔ ጋር ይቀመጣል፤ ስለ ቁጣም እንነጋገራለን።

ኮሚቴው ከመድረሳው ጀርባ ያለችውን ክፍል ለዚሁ ሥራ ሰጥቷል። ሁለት ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያና የልጆች ልብስ አለ። ወጪው ከሶደቃ ሣጥኑ ነው፤ ዘካ የሚገባት ሆና ከተገኘችም ከዘካው ይሰጣታል። መግቢያዋ በሴቶች በር በኩል ነው፤ ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንዳይኖር ለዘበኛው ተነግሮታል። ቁልፉ በእኔ ዘንድ የለም። በዱበርቲዋና በሌሎች ሁለት እህቶች ዘንድ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን በሩን ቢያንኳኩባቸው ይነሳሉ።